ድጋፍ ተብሎ ከተጻፈው ውስጥ ስጦታው ስንቱ ነው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የ19 ዓመት ወጣት ነኝ። ያመለከትኩበት ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተቀብሎኛል፤ ከቅበላ ደብዳቤው ጋርም የገንዘብ ድጋፍ መግለጫ ልኮልኛል። የዓመቱን ጠቅላላ ወጪ 100 ብንለው፣ 30ው በውጤቴ ምክንያት የተሰጠኝ ስኮላርሺፕ፣ 20ው የቤተሰቤ ገቢ ታይቶ የተፈቀደልኝ ድጎማ፣ 10ሩ በግቢው ውስጥ እየሠራሁ የማገኘው ክፍያ፣ 30ው ደግሞ የትምህርት ብድር ነው። ከታች በጉልህ ‹ጠቅላላ ድጋፍ 90 በመቶ› ተብሎ ተጽፏል። እናቴ ይህን ስታይ በደስታ አለቀሰች። አባቴ ግን ብድር የሚለውን ቃል ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ፤ ዕዳ ያለበት ሰው እንቅልፍ የለውም ይላል። ብድሩ ዋስ ስለሚጠይቅ የሚፈርመውም እሱ ነው። ሌላም የሚከብደኝ ነገር አለ። ማመልከቻውን ካስገባን በኋላ እናቴ ሥራዋን አጥታለች፤ የሰጡንን እንዳይነጥቁን ብለን ግን ለዩኒቨርሲቲው አልነገርንም። መልስ እንድሰጥ የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነው። የድጋፍ ዓይነቶችን ለይተው ቢያስረዱኝ፣ ብድሩን ልቀበል ወይስ ልተወው የሚለውንም ቢመክሩኝ።»

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ በቅድሚያ ለቅበላሽ እንኳን ደስ አለሽ። መልሴን ከመግለጫው የመጨረሻ መስመር እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም ስለ ብድሩም ሆነ ስለ ዋሱ ከመነጋገራችን በፊት «ጠቅላላ ድጋፍ 90 በመቶ» የሚለው ጽሑፍ መስተካከል አለበት። ከ90ው ውስጥ በእውነት የተሰጠሽ 50 ብቻ ነው። 10ሩን ገና ሠርተሽ ታገኚዋለሽ፤ 30ውን ወደፊት ከምታገኚው ደመወዝ ላይ ቀድመሽ ትወስጂዋለሽ፤ ያልተጠቀሰውን 10 ደግሞ ቤተሰብሽ ከወዲሁ ከኪሱ ያወጣል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ከወላጆችሽ ጋር ስትቀመጪ «90ው ተሸፍኗል» ከማለት ይልቅ «ግማሹ ተሰጥቶናል፤ ግማሹን እኛ በተለያየ መንገድ እንከፍላለን» ብለሽ ብትነግሪያቸው፣ የእናትሽም ደስታ የአባትሽም ሥጋት ልኩን ያገኛል።

ለብዙ ዓመታት በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ውስጥ እንዲህ ያሉ መግለጫዎችን ሳዘጋጅ ስለኖርኩ፣ ስጦታንና ዕዳን በአንድ ዓምድ ደርድሮ መደመር ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ አውቃለሁ። መግለጫውን የሚያዘጋጀው ሠራተኛ ሊያታልል ብሎ ላይሆን ይችላል፤ ለእሱ ሁሉም «የክፍያ ምንጭ» ናቸው። ለአንባቢው ግን አንድ አይደሉም። አንዱ ምንም አይጠይቅሽም፣ ሌላው ውጤትሽን በየዓመቱ ይጠይቅሻል፣ ሌላው ጊዜሽን፣ የመጨረሻው ደግሞ ከተመረቅሽ በኋላ ያሉትን ዓመታት ይጠይቅሻል። የድጋፍ ዓይነቶችን በስማቸው ሳይሆን በሚጠይቁሽ ነገር ለይያቸው የምልሽ ለዚህ ነው፤ ስማቸው ከአገር አገር፣ ከተቋም ተቋም ይለያያል፣ አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲም ብድሩን ሳይቀር «የትምህርት ዕርዳታ» ብሎ ይጠራዋል።

በገቢ መነሻነት ከተሰጠሽ ድጎማ እንጀምር። ይህ የማይመለስ ገንዘብ ነው፤ የሚሰጠውም ቤተሰቡ ሊከፍል ይችላል ተብሎ የተገመተው ከጠቅላላው ወጪ ላይ ተቀንሶ በሚቀረው ክፍተት መጠን ነው። በዓለም ላይ በስፋት ከሚታወቁት የዚህ ዓይነት ድጎማዎች አንዱ የአሜሪካው ፔል ግራንት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 በሌላ ስም ተቋቁሞ ከ1980 ጀምሮ በሴናተር ክሌይቦርን ፔል ስም ይጠራል፣ በዋናነትም ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች ለሚመጡ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ይሰጣል። የዚህ ድጎማ ትልቁ ባሕርይ በየዓመቱ እንደገና መታየቱ ነው። ዘንድሮ 20 ተሰጠሽ ማለት በሚቀጥለው ዓመትም 20 ይሰጥሻል ማለት አይደለም፤ የቤተሰብሽ ገቢ ከጨመረ ይቀንሳል፣ ከቀነሰ ሊጨምር ይችላል፣ የገቢ ማስረጃውን በወቅቱ ካላቀረብሽ ደግሞ ችግርሽ ምንም ያህል የከፋ ቢሆን ጨርሶ ሊቀር ይችላል። ድጎማቸው የተቋረጠባቸው ተማሪዎች ወደ ቢሮዬ ሲመጡ ፋይላቸውን ስከፍት ብዙ ጊዜ የማገኘው የተለወጠ ገቢ ሳይሆን ያልተመለሰ ቅጽ ነበር፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር እስካሁን ያሳዝነኛል።

በውጤትሽ ያገኘሽው ስኮላርሺፕ ደግሞ የቤተሰብሽን ገቢ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንቺን ነው። በዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ጎበዝ ተማሪዎች ከሌላው ድጋፍ ይልቅ በዚህኛው ይዘናጋሉ። ብዙ ስኮላርሺፖች በየዓመቱ የሚታደሱት ቢያንስ ሁለት መመዘኛ ሲሟላ ነው፦ አንደኛው የተወሰነ አማካይ ነጥብ መጠበቅ፣ ሁለተኛው በየሴሚስተሩ የተወሰነ የክሬዲት ሰዓት መያዝ ነው። የመጀመሪያውን ሁሉም ያስታውሳል፤ ሁለተኛውን ግን ይረሳል። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ወደ ቢሮዬ መጥቶ የውጤት ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ በጣቱ አማካይ ነጥቡን እያሳየኝ «ከተጠየቀው በላይ ነው፤ ታዲያ ለምን ተቋረጠብኝ?» ያለኝን አልረሳውም። ነጥቡ በእርግጥም ከተጠየቀው በላይ ነበር። የሆነው ግን እንዲህ ነው፦ አራት ኮርስ ተመዝግቦ ከነበረው ውስጥ አንዱ ሲከብደው አማካይ ነጥቡን ላለማበላሸት ብሎ ኮርሱን ተወው፤ የቀረለት 9 ክሬዲት ሰዓት ሆነ፣ ውሉ ደግሞ ከ12 እንዳያንስ ይል ነበር። ውሉን አውጥቼ ሁለተኛውን ገጽ ስገልጥለት ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «ይህን ገጽ ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አለኝ። ነጥቡን ለመጠበቅ ብሎ የወሰደው እርምጃ ራሱ ስኮላርሺፑን አሳጣው። ኮርሱን ከመተዉ በፊት አንድ ቀን መጥቶ ቢጠይቀን ኖሮ ምናልባት በሌላ ቀለል ባለ ኮርስ እንዲተካው እናደርግ ነበር። አንቺም ማንኛውንም ኮርስ ከመተውሽ ወይም ትምህርት ለጊዜው ከማቋረጥሽ በፊት፣ ከሬጅስትራር ቀጥሎ የምትጎበኚው ሁለተኛ በር የገንዘብ ድጋፍ ቢሮው ይሁን።

ስለ ስኮላርሺፕሽ ሌላም መጠየቅ ያለብሽ ነገር አለ፤ እሱም 30ው የትምህርት ክፍያው በጨመረ ቁጥር አብሮ ያድጋል ወይስ በመጀመሪያው ዓመት መጠን ይቆማል የሚለው ነው። ልዩነቱን በቁጥር ላሳይሽ። ወጪው በየዓመቱ በ5 በመቶ ቢጨምር፣ ዛሬ 100 የሆነው በአራተኛው ዓመት ወደ 116 ይጠጋል። ስኮላርሺፑና ድጎማው ተደምረው 50 ላይ ቆመው ቢቀሩ፣ አንቺና ቤተሰብሽ የምትሸፍኑት ዛሬ 50 የነበረው በአራተኛው ዓመት 66 ይሆናል። ማንም የነጠቀሽ ነገር የለም፤ ግን ድርሻሽ በሲሶ ያህል ጨምሯል። ብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያውን ዓመት ተረጋግቶ ጨርሶ ሦስተኛው ዓመት ላይ የሚጨነቀው ሒሳቡን ለአንድ ዓመት ብቻ ስለሚሠራ ነው። የአራቱን ዓመት በአንድ ወረቀት ላይ ጻፊው።

ስለ ሥራው ብዙ የምለው የለኝም። ተማሪዎች በግቢው ውስጥ በቤተ መጻሕፍት፣ በቤተ ሙከራ ወይም በቢሮ እየሠሩ የሚያገኙት ክፍያ የቆየ የድጋፍ ዓይነት ነው፤ አሜሪካ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣ ሕግ የፌዴራል መንግሥቱ የሚደጉመው የተማሪዎች ሥራ ፕሮግራም አቋቁማለች። ማወቅ ያለብሽ ግን መግለጫው ላይ የተጻፈው 10 በሴሚስተሩ መጀመሪያ በእጅሽ የሚገባ ገንዘብ አለመሆኑን ነው። በአብዛኛው የሚከፈልሽ በሠራሽው ሰዓት ልክ፣ በየሁለት ሳምንቱ ወይም በየወሩ ስለሆነ፣ በምዝገባ ቀን የሚጠየቀውን ክፍያ በእሱ ልትሸፍኚ አትችዪም። በተጨማሪም መግለጫው ላይ መጠቀሱ ብቻ ሥራው ተይዞልሻል ማለት ላይሆን ይችላል፤ ሥራውን ራስሽ ፈልገሽ፣ አመልክተሽ ልታገኚው የሚገባ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ደግሞ ከትምህርቱ ጋር እስክትላመጂ ሰዓትሽን ባታበዢ እመርጣለሁ፤ ለ10 ብለሽ ነጥብሽ ቢወርድ የ30ውን ስኮላርሺፕ ታጫለሽና።

አሁን አባትሽን ወዳስጨነቀው ብድር እንምጣ። አባትሽ የሚሉት ሐቅ አለው፤ ነገር ግን «ብድር» የሚለው አንድ ቃል በጣም የተለያዩ ነገሮችን ስለሚጠራ፣ መልሱ አዎ ወይም አይ ከመሆኑ በፊት የትኛው ብድር እንደሆነ መለየት አለበት።

በዓለም ላይ የትምህርት ብድር በሁለት መንገድ ይመለሳል። አንደኛው እንደ ማንኛውም የባንክ ብድር ሥራ ኖረሽም አልኖረሽም በየወሩ የተወሰነ መጠን የሚከፈልበት ነው። ሁለተኛው በገቢሽ ልክ የሚከፈል ነው፤ ገቢሽ ከተወሰነ ወለል በታች ከሆነ ምንም አትከፍዪም፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ብቻ ከፊሉ ይቀነሳል። ይህን ሁለተኛውን መንገድ በአገር አቀፍ ደረጃ በማስተዋወቅ በተለይ የምትጠቀሰው አውስትራሊያ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ብሩስ ቻፕማን የተባለው ኢኮኖሚስት በነደፈው ሐሳብ መሠረት ተማሪዎች ድርሻቸውን ከተመረቁ በኋላ በግብር ሥርዓቱ በኩል እንዲከፍሉ አደረገች። በእንግሊዝ ከነሐሴ 2023 ወዲህ ትምህርት የጀመሩ ተማሪዎች በዓመት ከ25,000 ፓውንድ በላይ ከሚያገኙት ገቢ ላይ ብቻ 9 በመቶ ይከፍላሉ፤ ስለዚህ በዓመት 30,000 ፓውንድ የሚያገኝ ተመራቂ 9 በመቶው የሚሰላው በ5,000ው ላይ ስለሆነ የሚቆረጥበት በዓመት 450 ፓውንድ ነው፤ ከ40 ዓመት በኋላ ያልተከፈለ ቢቀር ይሰረዛል። በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ደንብ የተጀመረው የወጪ መጋራትም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ተማሪው ድርሻውን ከተመረቀ በኋላ ከገቢው ላይ እየተቆረጠ ይከፍላል። ጀርመን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ባፎግ በሚባለው ድጋፍዋ ስጦታንና ብድርን ቀላቅላለች፤ ግማሹ አይመለስም፣ ግማሹ ወለድ የሌለው ብድር ነው፣ የሚመለሰውም ቢበዛ 10,010 ዩሮ ነው። ይህን ሁሉ የዘረዘርኩልሽ ወደዚያ እንድትሄጂ ሳይሆን ብድር ሁሉ አንድ ዓይነት እንቅልፍ እንደማይነሳ ለአባትሽ እንድታስረጂያቸው ነው። ከገቢ ጋር የተያያዘ ብድር የተበደረ ሰው ሥራ ቢያጣ አበዳሪው በሩን አያንኳኳም።

የአንቺ ብድር ግን ዋስ መጠየቁ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። በገቢ ልክ የሚከፈሉ የመንግሥት ብድሮች አብዛኛውን ጊዜ ዋስ አይጠይቁም፤ ዋስ የሚጠይቀው በአብዛኛው ባንክ ወይም ሌላ አበዳሪ ተቋም ነው። ስለዚህ መግለጫውን የላከልሽ ዩኒቨርሲቲው ቢሆንም አበዳሪው ሌላ ሊሆን ይችላል። ይህን አጣሪ፤ ከዚያም ወለዱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር ጠይቂ፤ ይህ ጥያቄ ከወለዱ መጠን ባልተናነሰ ይጎዳል ወይም ይጠቅማል። በየዓመቱ 30 ብትበደሪ በአራት ዓመት 120 ይሆናል፤ ይህ ብቻውን ከአንድ ሙሉ ዓመት ወጪ ይበልጣል። ወለዱ ከተመረቅሽ በኋላ መቆጠር የሚጀምር ከሆነ በምረቃሽ ቀን ዕዳሽ 120 ነው። ወለዱ 6 በመቶ ሆኖ ገንዘቡን ከወሰድሽበት ቀን ጀምሮ እየተቆጠረ በየዓመቱ መጨረሻ ከዋናው ጋር የሚደመር ከሆነ ግን፣ የመጀመሪያው ዓመት 30 እስክትመረቂ ወደ 38 አድጎ ይጠብቅሻል፣ የአራቱ ዓመት ድምርም ወደ 139 ይደርሳል። ገና አንድ ቀን ሥራ ሳትውዪ 19 ጨምሯል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላም ከምረቃ እስከ መጀመሪያው ክፍያ ያለው የእፎይታ ጊዜ ወለድ የሚቆጠርበት ከሆነ ይጨምራል። ወለዱ ቋሚ ነው ወይስ ተለዋዋጭ የሚለውንም በጽሑፍ አስመልሺ፤ ተለዋዋጭ ከሆነ አሁን የሠራሁልሽ ስሌት ዋስትና የለውም።

ብድሩን ልቀበል ወይ ላልሽኝ የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ አሁን ባለው መጠንና አሁን ባለው ጊዜ አትቀበዪው፤ ሙሉ በሙሉም አትተዪው። ብዙዎች የማያውቁት ነገር፣ የቀረበልሽን ብድር ሁሉ የመውሰድ ግዴታ የሌለብሽ መሆኑን ነው፤ 30 ቢፈቀድልሽ 12 ብቻ እፈልጋለሁ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። ስለዚህ ብድር የመጨረሻው መሙያ ይሁን፤ ሌላው ሁሉ ከተሞከረ በኋላ የቀረውን ክፍተት ብቻ ይሸፍን። ሌላው ሁሉ የምለው ደግሞ ባዶ ቃል አይደለም፤ ምክንያቱም በደብዳቤሽ ውስጥ እንደ ጥፋት አድርገሽ የነገርሽኝ ነገር ለእኔ ትልቁ በር ሆኖ ታይቶኛል።

እናትሽ ሥራቸውን ማጣታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ንገሩ። ፍርሃታችሁ ይገባኛል፤ በችግር ላይ ያለ ሰው ያገኘውን እንዳያጣ ሲፈራ መደበቁ የተለመደ ነው። ግን ነገሩን በረጋ መንፈስ ተመልከቺው። ስኮላርሺፑ የተሰጠሽ በውጤትሽ ስለሆነ ከእናትሽ ሥራ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ድጎማው ደግሞ የተሰላው እናትሽ ደመወዝ እያገኙ በነበረበት ጊዜ ባለው ገቢ ነው፤ ገቢው ከቀነሰ የሚለወጠው ወደ አንቺ ጥቅም ነው። የደበቃችሁት መረጃ የሚጎዳችሁ ሳይሆን የሚጠቅማችሁ ነው። ብዙ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮዎች ማመልከቻው ከገባ በኋላ ለሚደርስ የሥራ ማጣት፣ ሕመም ወይም ሞት ጉዳዩን እንደገና የሚያዩበት አሠራር አላቸው፤ እኔ በሠራሁበት ቢሮም እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የመጣን ቤተሰብ ማንም አልናቀም። የምንቸገረው ተማሪው ሁለተኛ ዓመት ላይ ክፍያ አቅቶት ትምህርቱን ካቋረጠ በኋላ ነገሩን ስንሰማ ነበር።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። የመጀመሪያው አንቀጽ ስምሽን፣ የማመልከቻ ቁጥርሽንና የምትጠይቂውን ይያዝ፤ «የቤተሰቤ ገቢ ስለተለወጠ የድጋፍ ውሳኔው እንደገና እንዲታይልኝ አመለክታለሁ» ማለቱ በቂ ነው። ሁለተኛው አንቀጽ የሆነውን በቀን ይግለጽ፦ እናትሽ ሥራ ያቆሙበትን ቀን፣ ቀድሞ በወር ያገኙ የነበረውን፣ አሁን በቤቱ ያለውን ገቢ። ሦስተኛው ክፍተቱን በቁጥር ይንገር። ከአሠሪያቸው የተሰጣቸውን የመሰናበቻ ደብዳቤ ቅጂ አያይዢ። ብዙ ተማሪዎች በዚህ ቦታ ገጽ ሙሉ ስለ ድካማቸው ይጽፋሉ፤ ልባዊ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ፋይሉን የሚያየው ሰው ግን ውሳኔውን ለመለወጥ የሚያስፈልገው ማስረጃና ቁጥር ነው። ከሁሉም በላይ ለመወሰን የተሰጠሽ ቀነ ገደብ ጥያቄሽ እስኪታይ እንዲራዘምልሽ በዚያው ደብዳቤ ጠይቂ። ሦስት ሳምንት ስላለሽ ይህ ደብዳቤ በዚህ ሳምንት መግባት አለበት።

በመግለጫው ላይ ያልተጠቀሱ፣ ቢሆንም ልትጠይቂያቸው የሚገቡ ድጋፎችም አሉ። ከትምህርት ክፍያ በከፊል ወይም በሙሉ ነፃ የማድረግ ሥርዓት አንዱ ነው፤ ገንዘብ በእጅሽ አይገባም፣ ግን ክፍያው ከሒሳብሽ ላይ ይነሣል። የመኝታ ወይም የምግብ ድጎማ ለብቻው የሚሰጥባቸው ተቋማት አሉ። ድንገተኛ ችግር ለደረሰበት ተማሪ አነስተኛ ገንዘብ የሚሰጥ የአስቸኳይ ጊዜ ፈንድ ያላቸውም አሉ፤ ይህ በመጀመሪያ መግለጫ ላይ ስለማይጻፍ ከተማሪዎች ዲን ቢሮ ብትጠይቂ ይሻላል። ቤተሰብሽ የሚያወጣውን 10 በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየወሩ ከፋፍሎ ለመክፈል የሚያስችል ዝግጅት መኖሩንም ጠይቂ፤ ይህ ድጋፍ ባይባልም የአንድ ቤት ወር እንዳይናጋ ያደርጋል።

ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ ከሙያ ማኅበራትና ከኩባንያዎች የሚገኝ ስኮላርሺፕም ፈልጊ። ሆኖም ከማመልከትሽ በፊት ዩኒቨርሲቲውን አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ የውጭ ስኮላርሺፕ ባገኝ ከየትኛው ላይ ትቀንሳላችሁ? አንዳንድ ተቋማት አዲስ ገንዘብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀንሱት ብድሩን ነው፤ ይህ ለአንቺ ትልቅ ጥቅም ነው። ሌሎች ግን የራሳቸውን ድጎማ ይቀንሳሉ፤ በዚህ ጊዜ ያን ሁሉ ድካም ደክመሽ ያገኘሽው ገንዘብ የዩኒቨርሲቲውን ካዝና እንጂ የአንቺን ኪስ አይረዳም። ስኮላርሺፕ ለማግኘት በቅድሚያ «የአገልግሎት ክፍያ» ክፈዪ የሚልሽን፣ ወይም ያላመለከትሽበትን ዕድል አሸንፈሻል የሚልሽን ደግሞ አትመልሺለት። የአሜሪካ የፌዴራል የተማሪዎች ድጋፍ ማመልከቻ ስሙ ራሱ «ነፃ ማመልከቻ» የሚል ነው፤ እውነተኛ ሰጪ ሊሰጥሽ ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ አይቀበልሽም።

ወደፊት ሁለተኛ ዲግሪ ካሰብሽ የድጋፉ መልክ ይለወጣል፤ በማስተማር ረዳትነትና በምርምር ረዳትነት የሚገኘው ክፍያ ዋናው ምንጭ የሚሆንበት ብዙ ቦታ አለ። የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት (ዳድ) እንደሚሰጣቸው ወይም እንደ ብሪታንያ መንግሥቱ ቺቭኒንግ ያሉ ሙሉ ስኮላርሺፖችም በር ይከፍታሉ፤ ቺቭኒንግ ለምሳሌ የተማረው ሰው ቢያንስ ሁለት ዓመት ወደ አገሩ ተመልሶ እንዲቆይ ያስገድዳል። ስጦታም ግዴታ እንዳለው ለማሳየት ያህል ጠቀስኩት እንጂ ይህ የዛሬ ጭንቀትሽ አይደለም።

የመጨረሻው ጉዳይ የአባትሽ ፊርማ ነው። ዋስ መሆን የድጋፍ ቃል መስጠት ብቻ አይደለም፤ ተበዳሪዋ ካልከፈለች ዋሱ ይከፍላል ማለት ነው፤ በአንዳንድ ውሎችም አበዳሪው መጀመሪያ አንቺን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ አባትሽ መሄድ ይችላል። ስለዚህ ውሉን ለአባትሽ ስትሰጪያቸው የሚፈርሙበትን ገጽ ብቻ አታሳዪያቸው፤ ሙሉውን ይዘሽ አብራችሁ ተቀመጡና ሦስት ነገሮችን ፈልጉ። አንደኛ፣ ዋስትናው ለዘንድሮው ብድር ብቻ ነው ወይስ ለአራቱም ዓመት? ሁለተኛ፣ አንቺ ሥራ ይዘሽ የተወሰነ ጊዜ በአግባቡ ከከፈልሽ በኋላ አባትሽ ከዋስትናው የሚወጡበት አንቀጽ አለ? ሦስተኛ፣ አንቺ ብትታመሚ ወይም ሞት ቢደርስ ዕዳው ይሰረዛል ወይስ በዋሱ ላይ ይቀራል? ይህን ሦስተኛውን መጠየቅ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ቢሆንም መልሱን ዛሬ ከወረቀቱ ላይ ማንበብ ይቀላል። ለእነዚህ መልስ የማይሰጥ ወይም «በቃል እንስማማለን» የሚል አበዳሪ ከሆነ፣ አባትሽ እንዳይፈርሙ እመክራለሁ። መልሱ በጽሑፍ ካለ፣ ዩኒቨርሲቲው ጥያቄሽን ዐይቶ አዲሱን ድጎማ እስኪያሳውቅሽ ጠብቂ፤ ከዚያ የቀረውን ክፍተት ብቻ፣ ለዘንድሮው ዓመት ብቻ ተበደሩ።